ሲኦልን በራሴ ቃል ስጽፍ

ወገኖቼ፣ በዘንድሮው ዐቢይ ጾም አንድ ሥራ ይዤ ነበር። የጣሊያኗ ከተማ የፍሎረንስ ሰው ዳንቴ አሊጊዬሪ ከ700 ዓመት በፊት ስለ ወዲያኛው ዓለም የጻፈውን ግጥም በራሴ ቃል ደብተር ላይ መተረክ ጀመርኩ። ትርጉም አይደለም። እሱ የሄደበትን መንገድ እኔ ብሄድበትስ ብዬ ነው።

ግጥሙ 100 ምዕራፍ አለው። ሰውየው በስቅለት ዕለት ማታ ወደ ሲኦል ይወርዳል። በትንሣኤ ንጋት ላይ ወጥቶ ከዋክብትን ያያል። ከዚያ የሞቱ ሰዎች ነፍስ ከኃጢአት የሚነጻበትን የመንጻት ተራራ ይወጣል፣ በመጨረሻም ወደ ሰማይ ያርጋል። ቤተ ክርስቲያናችን የመንጻት ቦታ አለ ብላ አታስተምርም። እኔም ተራራውን እንደ ምሳሌ ብቻ ነው ያነበብኩት።

የመጀመሪያው ሌሊት የጻፍኩትን ልንገራችሁ። የበደሉኝን ሰዎች ስም ደረደርኩ። በሐሰት የመሰከረብኝን፣ ብድሬን የካደኝን፣ ጓደኛዬ ነው ያልኩትን ሰው። የዳንቴ ሲኦል መጨረሻው እሳት አይደለም፣ በረዶ ነው። ከሃዲዎች እዚያ ውስጥ ደርቀው ይኖራሉ። ጓደኛዬን እዚያ ከተትኩት። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ዳንቴም ቁስል ነበረበት። በ1302 ከከተማው ተባረረ፤ ቢመለስ በእሳት እንዲቃጠል ተፈረደበት። ጠላቶቹን፣ የሮም ጳጳስ ሳይቀር፣ በግጥሙ ሲኦል ውስጥ አስገብቷቸዋል። እኔም ይህንን አይቼ ተበረታታሁ። ግን የግጥሙን መክፈቻ ዘልዬው ነበር። መክፈቻው ላይ የማንም ጠላት ስም የለም። ቀናው መንገድ ጠፍቶበት ጨለማ ጫካ ውስጥ የሚባዝን አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም ራሱ ዳንቴ ነው። እናንተም ብትሞክሩት ከዚያ ጫካ ጀምሩ።

ልቤን የነካኝ ግን ተራራው ነው። ትዕቢተኞች ትልልቅ ድንጋይ ተሸክመው፣ ጎብጠው ይዞራሉ። ዳንቴ ምንም አልተሸከመም፤ ሆኖም አብሯቸው ጎንበስ ብሎ ይሄዳል። ቆየት ብሎም የዚያ ድንጋይ ክብደት ከአሁኑ እንደሚሰማው ይናዘዛል። ድንጋይ የተሸከሙት ሰዎች ምን ይላሉ መሰላችሁ? አባታችን ሆይ ይጸልያሉ። «ከክፉ አድነን» የሚለው ላይ ሲደርሱ ይህን የምንለው ለእኛ አይደለም ይላሉ፤ ወደ ኋላ ለቀሩት፣ ገና በምድር ላሉት ነው። እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ከደረደርኳቸው ሰዎች ለአንዱ እንኳ ይህን ጸሎት ጸልዬ አላውቅም።

ሰማይ ላይ ደግሞ፣ በሦስተኛው ክፍል 19ኛ ምዕራፍ፣ የእኛ ስም አለ። «ክርስቶስ፣ ክርስቶስ» እያሉ የሚጮኹ ብዙዎች በፍርድ ቀን ክርስቶስን ከማያውቀው ሰው ይልቅ ከክርስቶስ ይርቃሉ ይላል። እንዲህ ያሉትን ክርስቲያኖች ኢትዮጵያዊው ይፈርድባቸዋል። ሳነበው መጀመሪያ ኮራሁ። ግን ዳንቴ እዚያ ላይ ኢትዮጵያዊ ያለው ወንጌል ያልደረሰውን ሰው ነው። እሱ ይህን ሲጽፍ ላሊበላ ላይ ቅዳሴ ይቀደስ ነበር። እኔ በስሜ ኢትዮጵያዊው ነኝ፤ በኑሮዬ ግን «ክርስቶስ» እያለ የሚጮኸው ሰው ነኝ። ጌታም ንግሥተ ዓዜብ በፍርድ ቀን ተነሥታ በዚህ ትውልድ ላይ ትፈርዳለች ብሏል (ማቴ. 12፥42)። «ጌታ ሆይ፥ ጌታ ሆይ፥ የሚለኝ ሁሉ መንግሥተ ሰማያት የሚገባ አይደለም» ያለውም እሱ ነው (ማቴ. 7፥21)።

የመጀመሪያውን ገጽ ቀደድኩት። አሁን ደብተሬ የሚጀምረው ከጫካው ነው፤ የጠፋውም እኔ ነኝ። ስሞቹን ወደ ተራራው፣ ጸሎቱ ወዳለበት ገጽ አዛወርኳቸው። ማታ ማታ አባታችን ሆይ ስደግም «ከክፉ ሁሉ አድነን» ላይ ቆም ብዬ አንድ በአንድ እጠራቸዋለሁ። የጓደኛዬ ስም ላይ ስደርስ እስካሁን ድምፄ ይቆረጣል።