የወንድ የዘር ፍሬ ካንሰር ምንድን ነው?

እግር ኳስ የሚከታተል ሰው ሴባስቲያን ሃለርን ያውቀዋል። የአይቮሪኮስቱ አጥቂ እ.ኤ.አ. በ2022 ከአያክስ ወደ ጀርመኑ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ ተዛወረ። ለአዲሱ ክለቡ አንድም የነጥብ ጨዋታ ሳያደርግ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ዝግጅት ላይ እያለ ሕመም ተሰማው። ሲመረመር የዘር ፍሬው ላይ ዕጢ ተገኘ። ካንሰር ነበር። ያኔ ዕድሜው 28 ነው። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ አራት ዙር ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድል መድኃኒት፣ ወሰደ። በጃንዋሪ 2023 ወደ ሜዳ ተመለሰ። በፌብሩዋሪ 4፣ የዓለም የካንሰር ቀን በሚታሰብበት ዕለት፣ ለዶርትሙንድ የመጀመሪያ ጎሉን አገባ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ አቢጃን ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ናይጄሪያን የረታችውን ጎል ያስቆጠረው እሱ ነው።

ያንን ፍጻሜ እኛም አይተነዋል። ስለ ጎሉ ብዙ ተወርቷል። ስለ ሕመሙ ግን ወንዶች ተሰብስበው ሲያወሩ መስማት ብርቅ ነው። ቦታው ያሳፍራል። እኔ ደግሞ በግልጽ ሊወራ ይገባል ባይ ነኝ። ይህ ካንሰር የሚይዘው በአብዛኛው ወጣቱን ነው፤ ከሌሎች ካንሰሮች ጋር ሲተያይም የመዳን ዕድሉ እጅግ ከፍተኛ ነው። እንዲህ ባለ በሽታ አንድ ልጅ በሐፍረት ምክንያት ሲሞት ማየት ያንገበግባል።

ወንድ ልጅ ከብልቱ ሥር ባለው ከረጢት ውስጥ ሁለት የዘር ፍሬዎች አሉት። ዘር የሚመረተው እዚያ ነው። ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድነት ሆርሞንም በብዛት የሚመነጨው ከዚያው ነው። ካንሰሩ ከመቶ በዘጠና አምስት እጁ የሚነሳው ዘር ከሚያመርቱት ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት ሥርዓታቸውን ለቀው ያለ ልክ ሲባዙ ዕጢ ይሆናሉ። ሐኪሞች በሁለት ይከፍሉታል። ሴሚኖማ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ለጨረርም ለኬሞም ቶሎ ይሸነፋል። ሴሚኖማ ያልሆነው ዓይነት ፈጠን ይላል፤ እሱም ግን በኬሞ ይድናል።

ካንሰር ሲባል ብዙዎቻችን የሽማግሌ በሽታ ይመስለናል። ለፕሮስቴት ካንሰር ይህ እውነት ነው። የዘር ፍሬ ካንሰር ግን በብዛት የሚታየው ከ15 እስከ 40 ዓመት ባሉት ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሽታው የሚገኝበት አማካይ ዕድሜ 33 ነው። በ2020 በመላው ዓለም ወደ 74 ሺህ ሰዎች ተይዘዋል፤ ወደ 9 ሺህ የሚሆኑት ሞተዋል። እንደ ኖርዌይና ዴንማርክ ባሉ የሰሜን አውሮፓ አገሮች ይበዛል። አፍሪካ ውስጥ የሚመዘገበው ቁጥር ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ማንንም ማስደንገጥ አያስፈልግም። እዚያ አካባቢ ከሚገኙ እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ውኃ መቋጠር፣ የደም ሥር ማበጥ፣ ኢንፌክሽን ወይም ቡአ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን የትኛው እንደሆነ የሚለየው ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም።

ለምን ይይዛል? ለአብዛኞቹ ታማሚዎች ይህ ነው የሚባል ምክንያት አይገኝም። ዋናው የታወቀ ተጋላጭነት የሚጀምረው ከሕፃንነት ነው። የዘር ፍሬ የሚፈጠረው ጽንሱ ሆድ ውስጥ፣ ኩላሊት አካባቢ ነው። ከመወለዱ በፊት ወደ ታች ወርዶ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል። አንዳንድ ወንድ ልጆች ላይ አንዱ ወይም ሁለቱም ሳይወርዱ ይቀራሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በራሱ ሊወርድ ይችላል። ስድስት ወር ካለፈው ግን በራሱ የመውረድ ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ከዚያ እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ በቀዶ ሕክምና እንዲወርድ ይመከራል። ያልወረደለት ልጅ ሲያድግ ለዚህ ካንሰር ያለው ተጋላጭነት ከሌላው ብዙ እጥፍ ነው። ከጉርምስና በፊት መታከሙ አደጋውን ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። ሕፃን የምታጥቡ እናቶችና አባቶች ሁለቱም መኖራቸውን ልብ በሉ። አንዱ ከሌለ ለሐኪም ተናገሩ። ሲያድግ ይስተካከላል ብሎ ዓመታት ማሳለፍ ልጁን ይጎዳዋል።

ወንድም ወይም አባት ተይዞ ከነበረም ተጋላጭነቱ ይጨምራል። አንዱን የዘር ፍሬ ካንሰር ይዞት የታከመ ሰው ሌላኛውን በደንብ መከታተል አለበት። ከዚህ ውጪ በየሰፈሩ የሚወሩት ምክንያቶች መሠረት የላቸውም። በወሲብ አይመጣም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የኃጢአት ቅጣት አይደለም። ኳስ ስለመታህም አይመጣም። ኳስ የመታው ልጅ ቦታውን ሲዳብስ ቀድሞ የነበረውን ዕጢ ያገኘዋል፤ ከዚያ ምቱ ያመጣው ይመስለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ምልክቱ ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ የማያምም ጠጣር ነገር ነው። አንዳንዴ ሽምብራ ታክላለች፤ አንዳንዴ ፍሬው በሙሉ ጠንክሮና አብጦ ይገኛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካላመመኝ ምንም አይደለም ይላል። እዚህ ቦታ ላይ ግን አለማመሙ መተማመኛ አይሆንም። ሌሎችም ምልክቶች አሉ። ከረጢቱ ይከብዳል፣ ከሆድ በታች ወይም ብሽሽት ላይ ደነዝ ያለ ሕመም ይሰማል፣ ድንገት ውኃ ይቋጥራል። አንዳንዱ ዕጢ ሆርሞን ስለሚያመነጭ የወንዱ ጡት ሊያብጥ ወይም ሊያምም ይችላል። ከተሰራጨ በኋላ ደግሞ የማይለቅ የታችኛው ጀርባ ሕመም፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም አንገት ላይ እብጠት ይመጣል። ጀርባ ለምን ያማል ቢባል፣ የዘር ፍሬው የተፈጠረው ኩላሊት አካባቢ ስለነበር፣ ከእሱ ፈሳሽ የሚወስደው የሊምፍ መስመር አሁንም የሚሄደው ወደዚያው ነው። ካንሰሩም ሲሰራጭ መጀመሪያ የሚያርፈው ሆድ ውስጥ፣ ከአከርካሪው ፊት ባሉት የሊምፍ ዕጢዎች ላይ ነው።

አንድ ነገር ለይቼ ልናገር። ድንገት የሚጀምርና የሚያስጮህ ሕመም ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የዘር ፍሬው ተጠማዞ ደም ተቋርጦበት ሊሆን ይችላል። ይህ ለነገ አይባልም። በስድስት ሰዓት ውስጥ ካልታከመ ፍሬው ሊሞት ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

ራስን ስለመዳበስ በሐኪሞች መካከል የአመለካከት ልዩነት አለ። ሁሉም ወንድ በየወሩ ይፈትሽ የሚል መመሪያ በየቦታው የለም፤ በሽታው ብርቅ ስለሆነ ጥቅሙ በጥናት አልተረጋገጠም። የኔ አስተያየት እንዲህ ነው። ጭንቀት ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ ግን የራስህን ሰውነት እወቀው። ሙቅ ሻወር ስትወስድ ቆዳው ይላላል። ያን ጊዜ እያንዳንዱን ፍሬ በአውራ ጣትና በሌሎቹ ጣቶች መካከል ቀስ ብለህ አንከባልለው። ጤናማ ፍሬ ለስላሳ ነው፣ ጎርባጣ የለውም። ከኋላው የሚዳሰሰው ገመድ መሰል ነገር የተፈጥሮ ነው፤ አትደንግጥ። አንዱ ከሌላው ትንሽ መብለጡ ወይም ዝቅ ማለቱም ያለ ነገር ነው። የምትፈልገው ለውጥ ነው። ባለፈው ያልነበረ ጥንካሬ ካገኘህ ወደ ሐኪም ሂድ።

ሐኪሙ በእጁ ይዳስሳል፤ ከዚያ አልትራሳውንድ ያዛል። አልትራሳውንድ አያምም፣ ጨረር የለውም፣ በደቂቃዎች ያልቃል። እብጠቱ ውኃ ይሁን ጠጣር፣ ከፍሬው ውስጥ ይሁን ከውጪ ይለያል። ቀጥሎ የደም ምርመራ አለ። ዕጢው ደም ውስጥ የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች ይለካሉ፤ ኤኤፍፒ፣ ቤታ ኤችሲጂ እና ኤልዲኤች ይባላሉ። ኤችሲጂ የእርግዝና ምርመራ የሚፈልገው ሆርሞን ነው። ቢሆንም የእርግዝና መመርመሪያ ገዝቶ ራስን መፈተሽ አይሆንም። ብዙ ዕጢዎች ይህን ሆርሞን አያመነጩም፤ ከንቱ መተማመን ብቻ ይሰጣል።

ሌሎች እብጠቶች ላይ የተለመደው በመርፌ ናሙና መውሰድ እዚህ አይደረግም። ከረጢቱን መውጋት ካንሰሩ በሌላ መንገድ እንዲሰራጭ ሊያደርግ ይችላል። ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነ የታመመው ፍሬ በሙሉ ብሽሽት ላይ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ይወጣና ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም የሰውነት ናሙና ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ፣ ይላካል። ምርመራውም የመጀመሪያው ሕክምናም ይኸው ነው። በሲቲ ስካን ደግሞ የተሰራጨ ነገር መኖሩ ይታያል።

በጊዜ መምጣት የሚለውጠው ነገር እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ካንሰሩ ፍሬው ውስጥ ብቻ እያለ ከተገኘላቸው ሰዎች ለብዙዎቹ ያቺ አንድ ቀዶ ሕክምና ትበቃለች። ለምሳሌ በመጀመሪያ ደረጃ የተገኘ ሴሚኖማ ካላቸው ውስጥ ከመቶ ሰማንያ ያህሉ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሌላ መድኃኒት ሳይወስዱ በክትትል ብቻ ይኖራሉ። ሆድ ውስጥ ወደሚገኙት የሊምፍ ዕጢዎች ከደረሰ ኬሞ ወይም ጨረር፣ አንዳንዴም ሌላ ከባድ ቀዶ ሕክምና ይጨመራል። ሳንባ ከደረሰ ሦስት ወይም አራት ዙር ጠንካራ ኬሞ ይመጣል። ኬሞው ፀጉር ያረግፋል፣ ያስታውካል። መስሚያን፣ ኩላሊትን፣ የእጅና የእግር ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። የአሜሪካ አኃዝ እንደሚያሳየው ካንሰሩ ከቦታው ሳይወጣ ከተገኘላቸው ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት አሉ። ሩቅ ቦታ ከደረሰ በኋላ የተገኘላቸው ግን ወደ ሰባ ሦስት ይወርዳሉ።

ሰባ ሦስትም ቢሆን ለተሰራጨ ካንሰር ትልቅ ቁጥር ነው። ዘግይቶ የመጣ ሰው አልቆልኛል ብሎ ቤቱ እንዳይተኛ ይህን ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በሽታው የተሰራጨበት ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ይሞት ነበር። ነገሩን የለወጠው ሲስፕላቲን የተባለ ከፕላቲነም የሚሠራ መድኃኒት ነው። በ1965 ባርኔት ሮዘንበርግ የተባለ ተመራማሪ ሚሺጋን ውስጥ ባክቴሪያ ላይ ኤሌክትሪክ እየሞከረ ሳለ ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል አቆሙ። ምክንያቱ ሲጠና ከፕላቲነም ኤሌክትሮዱ የወጣው ንጥረ ነገር ሆኖ ተገኘ። በ1974 ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዶክተር ላውረንስ አይንሆርን ሲስፕላቲንን ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር አዋሕዶ ሞት ደጃፍ ላይ ለነበሩ ወጣቶች ሰጠ። የብዙዎቹ ዕጢ ጠፋ። ዛሬም የሕክምናው መሠረት ሲስፕላቲን ነው። ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ በ1996 በ25 ዓመቱ ሲመረመር ካንሰሩ ሳንባውና አንጎሉ ጋ ደርሶ ነበር። የቱር ደ ፍራንስ ድሎቹ በኋላ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ተሰረዙ፤ ከካንሰሩ መዳኑ ግን እውነት ነው።

ወጣቶች በሆዳቸው ይዘው የማይጠይቁት ጥያቄ አለ። ወንድነቴስ? ልጅስ እወልዳለሁ? አንድ ጤናማ የዘር ፍሬ ለሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የወሲብ ስሜትም ብቃትም ይቀጥላል። ብዙዎች ከሕክምናው በኋላ አባት ሆነዋል። ኬሞና ጨረር ግን የዘር ምርትን ለጊዜው፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ሊቀንሱ ይችላሉ። ስለዚህ ሕክምናው ሳይጀመር ዘር በቅዝቃዜ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ውጭ አገር ለምትኖሩ ይህ አገልግሎት በብዙ ቦታ አለ።

ከሕክምና በኋላ ክትትሉ ዓመታት ይወስዳል። ጣሊያናዊው ተከላካይ ፍራንቼስኮ አቸርቢ በ2013 ለአዲሱ የውድድር ዘመን በተደረገ የጤና ምርመራ ዕጢው ተገኝቶ ወጣለት። በዚያው ዓመት መጨረሻ የዶፒንግ ምርመራው ላይ ኤችሲጂ ተገኘ። አበረታች የወሰደ መስሏቸው ነበር። ካንሰሩ ተመልሶ ነበር። ኬሞ ወሰደ፣ ዳነ፣ ከዓመታት በኋላም ከጣሊያን ጋር የአውሮፓ ዋንጫን አነሳ። ዳንኩ ብሎ ቀጠሮ መዝለል አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እኛ ጋ የሚያዘገየው ብዙ ነገር ነው። ሐፍረት አለ። የገንዘብና የመንገድ ችግር አለ። ፀበል የሚጠመቅ ሰው ፀበሉን አይተው፤ ሕክምናውንም አብሮ ይከታተል። እብጠቱን መታሸት ግን አያስፈልግም። በጣም የማዝነው ደግሞ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ እየቀያየሩ ወራት ለሚያሳልፉት ነው። ኢንፌክሽን ነው ተብሎ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል፤ ልክም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መድኃኒቱ አልቆ በሁለትና በሦስት ሳምንት እብጠቱ ካልጠፋ ሌላ እንክብል ከመጨመር በፊት አልትራሳውንድ መታየት አለበት።

ክፍሉ ውስጥ የምታገኛት ሐኪም ሴት ብትሆን፣ የጎረቤትህ ልጅም ብትሆን፣ ለእሷ ይህ የዕለት ሥራ ነው። አፍ ከያዘህ ወረቀት ላይ ጽፈህ ስጣት። «የዘር ፍሬዬ ላይ ጠጣር ነገር አግኝቻለሁ፤ ከዚህ በፊት አልነበረም፤ አልትራሳውንድ እንዲታዘዝልኝ እፈልጋለሁ» የሚለው ይበቃል።