ስለ ነጻ የቻምበር ሙዚቃ ኮንሰርቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የቻምበር ሙዚቃ፣ ማለትም በጥቂት ተጫዋቾች የሚቀርብ ሙዚቃ፣ የሚጫወተው ቡድናችን በመጪው የኮንሰርት ወቅት በቤተ መጻሕፍት፣ በትምህርት ቤት አዳራሾችና በአረጋውያን መኖሪያዎች ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆኑ ነጻ ኮንሰርቶችን ያቀርባል። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ (ከቫዮሊን ተለቅ ያለና ድምፁ ወፈር ያለ) እና አንድ ቼሎ (ከሁሉም ትልቁና ወፍራም ድምፅ ያለው) ነን፤ እንደ ዝግጅቱ ክላሪኔት ወይም ፒያኖ ይጨመርልናል። ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ የሚደርሱን አስተያየቶች በየወቅቱ ይመሳሰላሉ። ብዙ ሰው የሚቀረው ሙዚቃውን ሰምቶ ሳይሆን ስለ ሙዚቃው የተወራውን ሰምቶ ነው። አድምጦ ቢጠላው ቅር አይለኝም፤ ሳያደምጠው መቅረቱ ግን ያሳዝነኛል። ደጋግመው የሚነሡትን አመለካከቶች ከዚህ በታች አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ነጻ ከሆነ ደረጃው ዝቅ ያለ ነው»

ነጻ የሆነው መግቢያው እንጂ ሥራው አይደለም። ግማሽ ሰዓት ለሚወስድ አንድ ኳርቴት (ለአራት ተጫዋቾች የተጻፈ ሥራ) ሳምንታት እንለማመዳለን። ክሩ የሚጫወትበት ደጋን ወደ ላይ ይሳብ ወይስ ወደ ታች በሚለው ላይ ብቻ የልምምዱ ግማሽ የሚያልቅበት ቀን አለ። ትኬት በሚሸጥበት አዳራሽ የምንጫወተውና በቤተ መጻሕፍት የምንጫወተው ኖታ አንድ ነው፤ ተጫዋቾቹም እኛው ነን።

ሙዚቀኞቹም በነጻ አይሠሩም። ክፍያው ከሌላ በኩል ይመጣል፦ ከከተማ አስተዳደር የባህል በጀት፣ ከፋውንዴሽኖች፣ ከግለሰብ ለጋሾች። ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የሙዚቀኞች ማኅበር ከሸክላ አሳታሚዎች ጋር ተደራድሮ በ1948 አንድ ፈንድ ተቋቁሟል። ሸክላ የሙዚቀኛውን የመድረክ ሥራ እየወሰደበት ስለነበር፣ ከሸክላ ሽያጭ ላይ ተቀንሶ በሚጠራቀም ገንዘብ ለሕዝብ በነጻ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች እንዲከፈላቸው ተደረገ። ታዳሚው ኪሱን ሳይነካ ሰማ፤ ሙዚቀኛውም ደመወዙን አገኘ። ስለዚህ «እዚያ በነጻ ከተጫወታችሁ ለእኛም ድግስ በነጻ ተጫወቱልን» የሚለውን ጥያቄ በአክብሮት እምቢ ስንል ቅሬታ አይፈጠር። የዚያኛው ኮንሰርት ሂሳብ ተከፍሏል።

«ነጻ ዝግጅት ለተቸገሩ ሰዎች የሚደረግ ቸርነት ነው»

አይደለም። ትኬት መግዛት የሚችል ሰውም የሌላውን ቦታ እንደወሰደ ሳይሰማው ይምጣ። ሐኪሙ፣ የጥበቃ ሠራተኛውና ተማሪው በአንድ ረድፍ ሲቀመጡ ማየት ለእኔ የዝግጅቱ ግማሽ ደስታ ነው።

«ይህ የነገሥታትና የመኳንንት ሙዚቃ ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሴፍ ሃይድን ከ60 በላይ ኳርቴቶችን የጻፈ ሲሆን፣ የሥራ ዘመኑን አብዛኛውን ያሳለፈው የኤስተርሃዚ መሳፍንት ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ነው። ቻምበር የሚለው መጠሪያም ከአዳራሽ ይልቅ በቤት ውስጥ ክፍል መጫወትን ያመለክታል።

ያ ክፍል ግን ሁልጊዜ የቤተ መንግሥት ክፍል አልነበረም። በለንደን ክለርከንዌል በሚባል ሰፈር ቶማስ ብሪተን የሚባል ከሰል ነጋዴ ነበር። ቀን ቀን ከሰሉን በትከሻው ተሸክሞ በየመንገዱ እየዞረ ይሸጣል። ከ1678 ጀምሮ ደግሞ ከከሰል መጋዘኑ በላይ ባለችው ጠባብና ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ክፍል በየሳምንቱ ኮንሰርት ያዘጋጅ ነበር። መግቢያው መጀመሪያ ላይ ነጻ ነበር። ጠባቡን የውጭ ደረጃ እየወጡ ተራው ሰውም ባለማዕረጉም ይገቡ ነበር፤ ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ሃንደል ራሱ እዚያ እንደተጫወተ ይነገራል። ብሪተን በ1714 እስኪሞት ድረስ ኮንሰርቱ አልተቋረጠም። በአውሮፓ የሕዝብ ኮንሰርት ታሪክ ሲነገር ይህ ከሰል ነጋዴ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ሙዚቃው የእኛ አይደለም ለሚለኝ ሰው ሁሉ የምነግረው የእሱን ታሪክ ነው።

ሹበርትም በ1819 የጀመረውን ትራውት የሚባለውን ኩዊንቴት (ለአምስት ተጫዋቾች የተጻፈ ሥራ) የጻፈው ለመድረክ ሳይሆን ቼሎ መጫወት ይወድ ለነበረ አማተር ሰው ነው። ያ ሰው ከወዳጆቹ ጋር ቤቱ ውስጥ እንዲጫወተው ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት ከሚቀርቡት የቻምበር ሥራዎች አንዱ ነው።

«ያው ትንሽ ኦርኬስትራ ነው»

በኦርኬስትራ ውስጥ ብዙ ቫዮሊኒስቶች አንድ ዓይነት ኖታ አብረው ይጫወታሉ፤ ከፊታቸውም መሪ ቆሟል። በቻምበር ቡድን ግን ለእያንዳንዱ ድምፅ ያለው አንድ ተጫዋች ብቻ ነው። የሚደበቅበት ሰው የለውም፤ መሪም የለም። አራት ሰዎች በአንድ ቅጽበት እንዴት ይጀምራሉ ለሚለው መልሱ ትንፋሽ ነው። ከመጀመሪያው ድምፅ በፊት ጀማሪው ተጫዋች ወደ ውስጥ ሲተነፍስ የትከሻውና የደጋኑ እንቅስቃሴ ፍጥነቱንም ኃይሉንም ለሌሎቹ ይነግራቸዋል። ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ትንፋሹን በጆሮው ይሰማዋል። እባካችሁ ፊት ረድፉን ባዶ አትተዉት።

«ስለ ክላሲካል ሙዚቃ ካላወቅሁ አይገባኝም»

ከሁሉም በላይ የምሰማው፣ ከሁሉም በላይም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሙዚቃው ፈተና አይደለም፤ በር ላይ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ በ1829 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ስትሪንግ ኳርቴት (የአራት ባለ ክር መሣሪያዎች ኳርቴት) መስማትን አራት አስተዋይ ሰዎች ሲጨዋወቱ ከማዳመጥ ጋር አመሳስሎታል። ጨዋታን ለመከተል የሰዋስው ትምህርት አያስፈልግም፤ ማን እንደተናገረ፣ ማን እንደመለሰ፣ ማን እንዳቋረጠ ይታወቃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው የምመክረው አንድ ተጫዋች መርጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሱን ብቻ መከተል ነው። ቪዮላውን ቢመርጥ ደስ ይለኛል፤ መሐል ላይ ስላለ ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ የሙዚቃው ስሜት ከደስታ ወደ ሐዘን የሚዞረው ግን ብዙ ጊዜ ቪዮላው በሚለውጣት አንዲት ድምፅ ነው። ወይም ደግሞ አንዲቷን ዜማ ይዞ ከማን ወደ ማን እንደምትተላለፍ መከተል ይቻላል። ቼሎው ዝም ሲል የቀሩት ሦስቱ እንዴት እንደሚቀልሉ አድምጡ፤ ተመልሶ ሲገባ ለውጡ ሆድ ድረስ ይሰማል። ይህን ለማስተዋል ትምህርት አይጠየቅም። በየኮንሰርቱ ከሥራዎቹ በፊት ጥቂት ቃላት እንናገራለን፤ አጭር ሆኖ የሚረዳ ከሆነ አንድ ሁለት ቦታ አስቀድመን ተጫውተን እናሳያለን።

«በተሳሳተ ቦታ ካጨበጨብኩ እዋረዳለሁ»

ማንም አያዋርዳችሁም። አንድ ኳርቴት አብዛኛውን ጊዜ አራት ክፍሎች አሉት፤ በመካከላቸው አጭር ዝምታ አለ። ዛሬ የተለመደው እስከ መጨረሻው ክፍል ጠብቆ ማጨብጨብ ነው፤ ይህ ልማድ ግን ከሙዚቃው ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። ቀስ በቀስ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን እየጠበቀ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ሞዛርት በሐምሌ 1778 ከፓሪስ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ ለኦርኬስትራ በጻፈው ሲምፎኒ የመጀመሪያ ክፍል መሐል ላይ ሕዝቡ እንደሚወደው ያወቀው ቦታ እንደነበረና ቦታው ሲደርስ ታዳሚው በጭብጨባ እንደፈነዳ በኩራት ይተርካል። ሙዚቃው ገና እየተጫወተ ነበር። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ያቀደው ያንን ነበር።

ደራሲዎቹም በዚህ ጉዳይ ይጫወቱብን ነበር። ሃይድን በ1781 በጻፈው ኳርቴት፣ ተራ ቁጥሩ 33 በሆነው ስብስብ ሁለተኛው ላይ፣ መጨረሻው ደረሰ ሲባል ዜማውን በዝምታ ይቆራርጠዋል። ከዚያ ረዘም ያለ ዝምታ ይመጣል፤ ሰው ያጨበጭባል፤ እኛ ደግሞ የመጀመሪያዋን ሐረግ እንደገና ብለን እናበቃለን። በዚህ ሥራ በጊዜው ያጨበጨበ ሰው ሳይሆን ያለጊዜው ያጨበጨበ ሰው ነው ሃይድን የፈለገውን ያደረገው። ቤትሆቨን ደግሞ በ1826 ባጠናቀቀው የሲ ሻርፕ ማይነር ኳርቴት ሰባቱን ክፍሎች ያለ ዕረፍት አገናኝቷቸዋል። አርባ ደቂቃ ያህል ለጭብጨባ ቦታ አልተወም።

ግራ ከተጋባችሁ ተጫዋቾቹን ተመልከቱ። ደጋኖቹ ወርደው ትከሻዎች ከላሉ አልቋል። ደጋኖቹ አየር ላይ ከቀሩ ገና ነው።

«ልዩ ልብስ ያስፈልጋል፤ ልጅ ይዞ መምጣትም አይቻልም»

ከሥራ እንደወጣችሁ ኑ። ልጆችም ይምጡ። ትንሽ ልጅ የያዘ ሰው በር አጠገብ ባለው ጠርዝ ላይ ቢቀመጥ ለራሱም ይቀለዋል፤ ልጁ ካለቀሰ ወጥቶ አረጋግቶ መመለስ ይችላል።

«እንቅልፍ የሚያመጣ ለስላሳ ሙዚቃ ነው»

ለስላሳውም አለ፤ አልክድም። ነገር ግን የሃንጋሪያዊውን ደራሲ የቤላ ባርቶክን አራተኛ ኳርቴት፣ በ1928 የተጻፈውን፣ አንድ ጊዜ በቅርብ የሰማ ሰው ይህን አይልም። አራተኛው ክፍል ሙሉ በሙሉ ያለ ደጋን፣ በጣት በመንቀስ ብቻ ይጫወታል። በአንዳንድ ቦታ ክሩ በኃይል ይሳብና ተመልሶ ከእንጨቱ ጋር ሲጋጭ ጥርት ያለ የጥፊ ድምፅ ያወጣል። ልጆች ከሁሉ የሚወዱት ክፍል ይህ ነው።

«የሞቱ አውሮፓውያን ወንዶች ሥራ ብቻ ነው»

የመድረኮችን ልማድ ካየን ይህ ወቀሳ መሠረት አለው፤ የሙዚቃውን ታሪክ ካየን ግን ስሕተት ነው። በ1770ዎቹ በፈረንሳይ ስትሪንግ ኳርቴት ከጻፉት ቀደምት ደራሲዎች አንዱ ዮሴፍ ቦሎኝ፣ ሸቫልየ ደ ሴን ጆርጅ ነው። በጓዴሎፕ ደሴት በባርነት ከነበረች የአፍሪካ ዝርያ ካላት እናት ተወልዶ በፓሪስ ቫዮሊኒስት፣ የኦርኬስትራ መሪና ስመ ጥር የጎራዴ ግጥሚያ ባለሙያ ሆኗል። ክላራ ሹማን የፒያኖ ትሪዮዋን (ፒያኖ ያለበት የሦስት ተጫዋቾች ሥራ) የጻፈችው በ1846 ነው። ሳሙኤል ኮልሪጅ ቴይለር ከሴራሊዮናዊ ሐኪም አባት በለንደን ተወለደ፤ የክላሪኔት ኩዊንቴቱን በ1895 ሲጽፍ ገና ተማሪ ነበር። እነዚህ ሥራዎች ለቁጥር ማሟያ የሚገቡ አይደሉም፤ ከሃይድን ጎን ቆመው የሚሰሙ ናቸው። በሕይወት ያሉ ደራሲዎችም ለእንደኛ ዓይነት ቡድኖች ዛሬም ይጽፋሉ፤ ደራሲው አዳራሹ ውስጥ ሲገኝ ደግሞ ታዳሚው እሱን ራሱን ይጠይቀዋል።

«ጥሩ አዳራሽ ከሌለ ጥሩ ኮንሰርት የለም»

ጥሩ አዳራሽ ያግዛል። መጻሕፍት የሞላበት ክፍል ድምፅን ይውጣል፤ ባዶ የስፖርት አዳራሽ ደግሞ ያስተጋባል። ለዚህ ነው ከታዳሚው ቀድመን ገብተን ወንበሮቻችንን የምናዟዙረው፣ በሚያስተጋባ ቦታም ፈጣኑን ክፍል ትንሽ የምናዘገየው። ነገር ግን ፈረንሳዊው ደራሲ ኦሊቪዬ ሜሲያን ለዘመን ፍጻሜ የተሰኘውን ኳርቴቱን ከሦስት እስረኛ ሙዚቀኞች ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበው ጥር 15 ቀን 1941 በጎርሊትዝ በነበረ የጀርመን የጦር እስረኞች ካምፕ፣ በብርድ ውስጥ ነው። ቫዮሊን፣ ክላሪኔት፣ ቼሎና ፒያኖ የተመረጡት ካምፑ ውስጥ የተገኙት ተጫዋቾች እነዚያ ስለነበሩ ነው። አድማጮቹ እስረኞችና ጠባቂዎች ነበሩ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የቻምበር ሥራዎች መካከል የሚቆጠር ሙዚቃ የተጀመረው እዚያ ነው።

«ነጻ ስለሆነ ተመዝግቦ መቅረት ማንንም አይጎዳም»

ይጎዳል። ቦታው ውስን በሆነበት ዝግጅት ወንበር የሚያዘው በምዝገባ ነው፤ የተመዘገበው ሲቀር ተጠባባቂ የነበረው ሰው ቤቱ ቀርቷል፤ ወንበሩም ባዶ ሆኗል። ገንዘብ የሚሰጡን ተቋማትም ስንት ሰው እንደመጣ ይጠይቃሉ፤ የሚቀጥለው ወቅት በጀት በከፊል የሚወሰነው በዚያ ቁጥር ነው። መምጣት የማትችሉ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ሰርዙ፤ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። የዘገያችሁ እንደሆነ ግን አትመለሱ። በር ላይ ያለው አስተናጋጅ የሚጫወተው የሙዚቃ ክፍል እስኪያልቅ ያቆያችሁና በመካከሉ ባለው ዝምታ ያስገባችኋል።