ግሪን ኦፊስ ምንድነው? ለደብረ ብርሃን ብርድስ ይሰራል?

ግሪን ኦፊስ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ኮሪደሩ ላይ አበባ መደርደርና ግድግዳውን አረንጓዴ መቀባት ነው። ነገርዬው ግን ሌላ ነው፣ አንድ ቢሮ የተለመደ ስራውን ሳያጓድል የሚፈጀውን መብራት፣ ነዳጅ፣ ውሃና ወረቀት መቀነስ ማለት ነው፣ በዛውም ወጪው አብሮ ይወርዳል። አበባው ይኑር ደስ ይላል፣ ቆጣሪው ግን አበባ አያይም።

ችግሩ ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ምክር አብዛኛው ኤሲ (ክፍል ማቀዝቀዣ) ስለመቀነስ ነው የሚያወራው። ደብረ ብርሃን እኮ ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ሳሩ ላይ ተነጥፎ ነው የሚጠብቃችሁ፣ ማን ነው እዚህ ኤሲ የሚከፍተው? የኛ ቢሮ ብር በላተኛ ሂተር ነው።

እስቲ በሂሳብ እንየው። ቆጣሪ የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ማለትም ዕቃው የሚስበው ዋት በሰራበት ሰዓት ይባዛና ለ1,000 ይካፈላል፣ በቃ። 2,000 ዋት የሆነ ሂተር ጠዋት 2 ሰዓት ተለኩሶ እስከ 8 ሰዓት ቢቆይ 12 ኪሎዋት ሰዓት በላ ማለት ነው፣ በወር 22 የስራ ቀን ብንይዝ 264 ይመጣል። 10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ደሞ በቀን 8 ሰዓት ቢበራ በወር 2 ኪሎዋት ሰዓት እንኳን አይሞላም። አንዱ ሂተር ወደ 150 አምፖል ያህላል። ስለዚህ በየበሩ «ሲወጡ መብራት ያጥፉ» ብሎ ለጥፎ ጠረጴዛ ስር ሂተር እያነደዱ መዋል ትንሽ ያስቃል።

ባጭሩ ሙቀት የሚሰራ ዕቃ ሁሉ በላተኛ ነው። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ 100 ዋት አካባቢ ነው የሚስበው፣ ላፕቶፕ ከዛም ያንሳል። የውሃ ማፍያው 2,000 ዋት ቢሆንም የሚሰራው ለደቂቃዎች ስለሆነ ብዙም አይከፋም፣ የሚከፋው ለሁለት ስኒ ሻይ እስካፉ ሞልቶ ማፍላት ነው፣ እሱንም ባንዴ አፍልቶ ፔርሙስ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ለቡና ተብሎ ተለኩሶ ቡናው ካለቀ በኋላ «እንዲያሞቀን» ተብሎ ሳይጠፋ የሚያረፍደው የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ያው ሂተር ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የተለየው።

ታዲያ በብርድ እንሙት ወይ? አይ፣ ሂተሩ የሚያሞቀው አየር በየት እንደሚወጣ ማየት ይቀድማል። በር ስር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ፣ የብረት መስኮቱ ገጥሞ የማይዘጋ ከሆነ፣ የደብረ ብርሃን ነፋስ ደሞ እንደምታውቁት ነው፣ ብሩ ሜዳ ለማሞቅ እየወጣ ነው ማለት ነው። ለመስኮቱ ስፖንጅ ነገር፣ ለበሩ ስር ደሞ ያረጀ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ማስቀመጥ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ላይ ይሄ አይቸግርም መቼም። ሌላው ፀሐይ ናት፣ በብርዱ ወራት ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡ ሰዎችን በደቡብ በኩል መስኮት ወዳላቸው ክፍሎች ማዛወር፣ መጋረጃውንም ከረፈደ መግለጥ ነው፣ ስቶርና ፋይል ክፍሉ በሰሜን በኩል ቢሆን ፋይል አይበርደውም። ከዛ በኋላም ከበረደ አንድ ሂተር ሰው በተሰበሰበበት ክፍል ይሻላል፣ በየክፍሉ አንዳንድ ከማብራት። ደሞ እባካችሁ ሁለት ሂተር አንድ ዲቫይደር ላይ አትሰኩ፣ እሱ የወጪ ሳይሆን የእሳት ጉዳይ ነው።

«መብራታችን ከውሃ ነው የሚመነጨው፣ ምን ግሪን ያስፈልገዋል?» የሚል ሰው አይጠፋም፣ ልክ ነው፣ የሀገሪቱ ኃይል በአብዛኛው ከውሃ ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ነፋስ አለ። ግን ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየተጨመረ እንዲሄድ ነው የተወሰነው፣ አምና ያልታየ ብክነት ዘንድሮ ይታያል።

ከየት ልጀምር ላለ ማታ ሁሉም ሰው ሲወጣ ቆጣሪውን አንብቡና ጻፉት፣ ጠዋት ማንም ሳይገባ ደግማችሁ አንብቡ። ልዩነቱ ማንም በሌለበት የተበላ ነው፣ የጥበቃ መብራት አለ፣ ካለ ፍሪጅ፣ ሳይጠፋ ያደረ ፕሪንተርና ኮምፒውተር፣ አንዳንዴም የሆነ ክፍል ተረስቶ ያደረ ሂተር። ቁጥሩ ከበዛ ክፍል በክፍል መፈለግ ነው። የመንግስት መስሪያ ቤት ላይ ይሄ የሚከብደው ቢሉን የሚያየው ፋይናንስ ብቻ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ሌላው ሰራተኛ ስንት እንደተከፈለ አያውቅም፣ ከኪሱ ስለማይወጣም አያስጨንቀውም። የየወሩን ቢል ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ከስብሰባ ይሻላል ባይ ነኝ።

ወረቀቱ ቀላል ነው፣ ፕሪንተሩ ላይ በሁለቱም ገጽ የሚለውን መርጦ መተው ነው። ጀነሬተር ያላችሁ ግን መብራት ሲጠፋ ሂተርና ማፍያ ከጀነሬተሩ መስመር ውጪ እንዲሆኑ ኤሌክትሪሻን አስጠርታችሁ አስለዩ፣ ናፍጣ አቃጥሎ መብራት አምርቶ በዛ መብራት መልሶ እግር ማሞቅ ከሁሉም በላይ ውድ ነው፣ ላፕቶፕ ያለው ደሞ በባትሪው ትንሽ ይስራ፣ ጀነሬተሩ ለአንድ ፕሪንተር ብሎ አይነሳ።