ስለ ቢራ ፌስቲቫል የሚባለውና እውነታው

የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ የማይጠፋበት ከተማ። ከእኛ ግማሽ ሰዓት እንኳ በማይርቀው ዴንቨር፣ አብዛኛውን ጊዜ በመስቀል ሰሞን ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ታላቁ የአሜሪካ ቢራ ፌስቲቫል ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1982 ቦልደር በምትባል የኮሎራዶ ከተማ 800 ያህል ሰው ተሰብስቦ የጀመረው፣ ኋላ የዴንቨርን ግዙፍ የስብሰባ አዳራሽ እስከ መሙላት ደረሰ። ጓደኞቼን «እንሂድ» ባልኳቸው ቁጥር የምሰማቸው መልሶች ግን ከዓመት ዓመት አይለወጡም። አብዛኞቹ ስህተት ስለሆኑ አንድ በአንድ ልመልስ።

«እዚያ የሚኬደው ለመስከር ነው»

በአንድ ጊዜ የሚቀዳላችሁ 1 አውንስ ነው፤ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ። ሁለት ጉንጭ ቢሆን ነው። 12 ጊዜ ቢቀዳላችሁ ገና አንድ ጠርሙስ ቢራ መጠጣታችሁ ነው። ሰው ወረፋ ይይዛል፣ ያሸታል፣ ይቀምሳል፣ ጠማቂውን ይጠይቃል፣ ብርጭቆውን በውሃ አለቅልቆ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ካልጣማችሁ መድፋት ትችላላችሁ። እኔ መጀመሪያ ይሄ በጣም ከብዶኝ ነበር። ባደግኩበት ቤት የተቀዳልህን መድፋት የቤቱን እመቤት መሳደብ ነው። እዚህ ግን ማንም አይቀየምም።

ስካር የለም አልልም። ትኬት ከቆረጣችሁ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚቀዳላችሁ ገደብ ስለሌለው ቆጣሪው ራሳችሁ ናችሁ። የአልኮል መጠኑም ተጽፏል፣ እዩት። 10 በመቶ የሆነ ቢራ የ5 በመቶውን እጥፍ ነው፤ አንዴ የተቀዳላችሁን እንደ ሁለት ቁጠሩት። በባዶ ሆድም አትሂዱ።

«ክራፍት ቢራ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለእኛ አይሆንም»

ክራፍት ቢራ የሚባለው ትንንሽ ጠማቂዎች የሚሠሩት ቢራ ነው። ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይሄ አባባል ነው። መጀመሪያ ስሄድ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ለእኔ ቢራ ማለት ቀዝቃዛ ላገር፣ ያ የለመድነው ቢጫ ቢራ ነበር፣ በቃ። ዞር ዞር ስል የጭስ ቢራ የሚቀዳበት ጠረጴዛ ጋ ደረስኩ። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ ባለሁበት ቀረሁ። የታጠነ እንስራ ሸተተኝ። እናቴ ለበዓል ጠላ ስትጥል እንስራውን በግራዋ አሽታ ታጥባለች፣ ከዚያ በወይራ ጭስ ላይ ትደፋዋለች። ቤቱ፣ ልብሳችን፣ ጸጉራችን ሳይቀር ወይራ ወይራ ይላል። ያ ሽታ ከስንት ዓመት በኋላ ዴንቨር ላይ፣ ሁለት ጉንጭ ቢራ ውስጥ አገኘኝ።

ጠማቂውን ጠየቅኩት። አሠራሩ ባምበርግ ከምትባል የጀርመን ከተማ የመጣ ነው። ብቅሉ የሚደርቀው በእንጨት ጭስ ነው። እነሱ እህሉን ያጥናሉ፣ እኛ ዕቃውን። እኔም ስለ ጌሾ፣ ስለ አሻሮ፣ ስለ ጥንስስና ድፍድፍ አወራሁለት። ከኋላዬ ወረፋው እስኪረዝም አልለቀቀኝም።

አሜሪካ ውስጥ ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 በፈረሙት ሕግ ነው። ዛሬ ስማቸው ከተጠራ ጠማቂዎች ብዙዎቹ ማድ ቤታቸው ወይም ጋራዣቸው ውስጥ የጀመሩ ናቸው። እናቶቻችን ያንን ሥራ ከእናቶቻቸው ተቀብለው ሲሠሩት ኖረዋል። ጠላ ቤት ያደገ ሰው መራራውን፣ ጎምዛዛውን፣ የተቆላውን፣ የጨሰውን ምላሱ ያውቀዋል። ለዚህ ፌስቲቫል ከእኛ የተሻለ የተዘጋጀ ቀማሽ ያለ አይመስለኝም።

«ጥቁር ቢራ ኃይለኛ ነው»

ጥቁረቱ የሚመጣው ከተቆላ ብቅልና እህል ነው። አሻሮው ጠቆር ብሎ ከተቆላ ጠላው ይጠቁራል፤ ጠቆረ ተብሎ ግን የበለጠ አያሰክርም። ጥቁሩ የጊነስ ድራፍት 4.2 በመቶ ነው። ወርቃማው የቤልጂየም ዱቬል 8.5 በመቶ ነው። በቀለም አትመኑ።

«የሚያሰክረው መራራው ነው»

ጌሾ የበዛበት ጠላ ራስ ያዞራል ሲባል ሰምታችኋል። አልኮሉን የሚሠራው ግን እርሾ ነው፤ የብቅሉን ስኳር በልቶ። ፈረንጅ ሆፕስ የሚባለውን መራራ አበባ የሚጨምረው እኛ ጌሾ በምንጨምርበት ምክንያት ነው፤ ጣፋጩን እንዲያስታግስና መጠጡ ቶሎ እንዳይበላሽ።

«አረፋ ሌብነት ነው»

ግማሽ ጃምቦ አረፋ ከሆነ ተቆጡ፣ እኔም እቆጣለሁ። ሁለት ጣት ያህል አረፋ ግን የቢራው ሽታ የሚወጣበት ነው። በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ደግሞ ሽታውን ይደብቃል፤ ትንሽ ለቀቅ እስኪል በእጃችሁ ያዙት።

«ቢራ ሁሉ የጾም ነው»

በጾም መጠጥ የማይነካ አለ፣ እሱን አከብራለሁ። ቢራ እህል ነው ብሎ ዓርብ ለሚቀምሰው ግን ይሄን ልንገረው። ፌስቲቫሉ ብዙ ጊዜ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ስለሆነ ዓርብ መሃል ላይ አለች። ሚልክ ስታውት የሚባለው ጥቁር ቢራ ውስጥ ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር ይገባል። እዚሁ ኮሎራዶ፣ ሎንግሞንት የሚጠመቀው የሌፍት ሃንድ ሚልክ ስታውት አንዱ ነው። አይፒኤ ከሚባሉት ሆፕስ የበዛባቸው ቢራዎችም አንዳንድ ደፍረስ ያሉት ላክቶስ አላቸው። «ላክቶስ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። የለመዱት ጥያቄ ነው፤ ወተት የማይስማማው ሁሉ ይጠይቃል።

«ውሃ ጠጥቼ፣ ቡና ጠጥቼ እነዳለሁ»

ይህን ስሰማ እናደዳለሁ። ከመጠጣት በፊት የበላችሁት ምግብ አልኮሉ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። አንዴ ከገባ በኋላ ግን ቡናም፣ ቀዝቃዛ ሻወርም አያወጣውም። ጉበታችሁ በራሱ ሰዓት ነው የሚሠራው። ኮሎራዶ ውስጥ በደማችሁ ያለው አልኮል 0.08 በመቶ ከደረሰ ሰክሮ መንዳት ነው፤ ከ0.05 ጀምሮም ሌላ ክስ አለ። የእኛ ሰው ደግሞ ስንቱ ነው በመንጃ ፈቃዱ የሚኖረው፣ ታክሲ፣ ኡበር፣ ትራክ? እንጀራችሁ ነው። ባቡሩ አዳራሹ ጋ ይቆማል። ካልሆነም የማይጠጣ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ብዙ ፌስቲቫሎች ለሚነዳው ሰው ረከስ ያለ ትኬት ይሸጣሉ።

«የማይጠጣ እዚያ ምን ያደርጋል» ለምትሉኝ፣ ባለፈው የነዳልን ጓደኛችን አልኮል በአፉ አይዞርም። የጭስ ቢራው ጋ ስንደርስ ብርጭቆዬን አስሸተትኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ቆየና «የአክስቴ ጓዳ!» አለ። ከዚያ እስክንወጣ ድረስ በየጠረጴዛው ቀድሞ የሚያሸተው እሱ ነበር።