«መስረቅ መጥፎ ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

«በሩ ክፍት ነው» ካልኩህ ሄደህ ታየዋለህ። «መስረቅ መጥፎ ነው» ስልህስ? መጥፎነቱን የት ሄደህ ታየዋለህ? ሁለቱም በ«ነው» ስለሚያልቁ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ኤየር በ1936 እ.ኤ.አ. ደፋር መልስ ሰጠ። «መጥፎ» የሚለው ቃል ስለ ድርጊቱ ምንም መረጃ አይጨምርም አለ። ተናጋሪው ስሜቱን ነው የሚያወጣው፤ «ኤጭ!» እንደማለት።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኤየር «ስርቆትን እጠላለሁ ማለት ነው» አላለም። «እጠላለሁ» ካልኩ ስለ ራሴ እየነገርኩህ ነው፤ ልዋሽህም እችላለሁ። «ኤጭ!» ግን እውነትም ሐሰትም አይባልም። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም የሐሳቡ እምብርት እሱ ነው።

ሄር የተባለው ፈላስፋ ደግሞ በ1952 እ.ኤ.አ. ቃሉን ወደ ትእዛዝ አስጠጋው፦ «አትስረቅ»፤ ግን ተናጋሪውንም ጭምር የሚይዝ ትእዛዝ።

እኔን የሚያሳምነኝ በ1965 እ.ኤ.አ. ፈላስፋው ፒተር ጊች እንዲህ ባሉ ሐሳቦች ላይ ያነሳው ተቃውሞ ነው። ይህን አስብ፦ «መስረቅ መጥፎ ከሆነ፣ የተሰረቀ ስልክ አውቆ መግዛትም መጥፎ ነው።» «ከሆነ» ያለ ሰው ገና ምንም አልተጸየፈም። ስርቆት ምንም አይደለም የሚል ሰው እንኳ ይህን ዓረፍተ ነገር ሊቀበለው ይችላል። ታዲያ «መጥፎ» ማለት «ኤጭ!» ብቻ ከሆነ፣ እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል? «ኤጭ ከሆነ» አይባልም። የኤየርን መንገድ የሚከተሉ ፈላስፎች እስካሁን ለዚህ ጥያቄ መልስ በማበጀት ላይ ናቸው።