ድምፅና ቪዲዮ በጠባብ መስመር፦ የጥራትና የወጪ አያያዝ

የአገልግሎት ጥራት አያያዝ፣ በባለሙያዎች አጠራር ኪው ኦ ኤስ፣ በአንድ የኔትወርክ መስመር ላይ የትኛው መረጃ ይቅደም፣ የትኛው ይጠብቅ የሚለውን የመወሰን ሥራ ነው። ኢሜይል ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ማንም አያውቅም። በኢሞ ከቤተሰቡ ጋር የሚያወራ ሰው ግን ወዲያው «ሃሎ፣ ይሰማል?» ማለት ይጀምራል። ለዚህ ነው ድምፅና ቪዲዮ የተለየ አያያዝ የሚፈልጉት።

ችግሮቹ ሦስት ናቸው፦ መዘግየት፣ የመዘግየቱ መዋዠቅ (ጂተር) እና የፓኬት፣ ማለትም ተቆራርጦ የሚላከው የመረጃ ቁራጭ፣ መጥፋት። ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ለስልክ ንግግር የሚመክረው መዘግየት በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ያልበለጠ ነው።

ወጪው የሚጀምረው ከፓኬቱ ነው። ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 50 ፓኬት ሆኖ ይላካል። ጂ.729 የተባለው የድምፅ መጭመቂያ በሰከንድ 8 ኪሎቢት ብቻ ይበቃዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ፓኬት የ40 ባይት አድራሻ ይሸከማል (አንድ ባይት 8 ቢት ነው)። ይህ ብቻውን በሰከንድ 16 ኪሎቢት ነው። ፖስታው ከደብዳቤው እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ መስፈርት ይህን አድራሻ በአንድ መስመር ላይ ወደ 2 ወይም 4 ባይት ያወርደዋል። በቀጭን መስመር ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ስጦታ ነበር።

በጉዳዩ ላይ ብዙ የተጻፈው በ1990ዎቹ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1994 የቀረበው ኢንትሰርቭ፣ እያንዳንዱ ጥሪ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቦታ እንዲያዝለት ፈለገ። ቦታ ማስያዣው አርኤስቪፒ በ1997 ጸደቀ። ሐሳቡ ንጹሕ ነው፤ ግን በዋና መስመር ላይ ያለ ራውተር (ፓኬቶችን ወደ መድረሻቸው የሚመራ መሣሪያ) በሺህ የሚቆጠሩ ጥሪዎችን በየግላቸው ማስታወስ ሊኖርበት ነው። ይህ አላዋጣም። በታኅሣሥ 1998 የመጣው ዲፍሰርቭ ነገሩን አቀለለው። ፓኬቱ ላይ በ6 ቢት ምልክት ይደረጋል፣ ራውተሩም ምልክቱን አይቶ ወረፋውን ይለያል። ለድምፅ የተለመደው ምልክት 46 ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ዛሬም የሚሠራበት ይኸው ነው።

ሆኖም ምልክቱ ወደ ሌላ ድርጅት ኔትወርክ ሲሻገር ብዙውን ጊዜ ዋጋ ያጣል። ቴክኒካዊ ምክንያት የሚሰጡ አሉ። ዋናው ግን ገንዘብ ይመስላል፤ ለቅድሚያው ማን ለማን ይክፈል የሚለው አልተቋጨም። ደግሞም ኪው ኦ ኤስ አዲስ ባንድዊድዝ፣ ማለትም የመስመር አቅም፣ አይፈጥርም። አንዱ ሲቀድም ሌላው ይጠብቃል። መስመሩ ቀድሞውኑ ከሞላ፣ መፍትሔው ያነሰ መላክ ወይም አንዴ ልኮ ለብዙዎች ማዳረስ ነው።

አንዴ ልኮ ማዳረሱን በአገራችን በደንብ ያሳየው የስኩልኔት የፕላዝማ ትምህርት ነው። ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶች በሳተላይት ወደ ክፍሎች ይሠራጩ ነበር። ለየትምህርት ቤቱ የተለየ ቪዲዮ ይላክ ቢባል ባንድዊድዙ አይታሰብም። የሳተላይት ሥርጭት ግን ለ1 ትምህርት ቤትም ለ400ም የሚይዘው ቦታ ያው ነው። የሥርጭቱ ሞገድ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ሲመለስ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ለንግግር ይህ ይጎረብጣል፣ ለትምህርት ግን ምንም አይደል። ትምህርቱ ይፈጥናል፣ መምህሩም ሊያቆመው አይችልም የሚል ወቀሳ በሰፊው ቀርቧል። የትምህርት ውጤቱ አከራካሪ ነው። የመስመር ምርጫው ግን ትክክል ነበር፤ መብራት እየተቆራረጠ ሥርጭቱን ያቆዩ ባለሙያዎቻችንም ክብር ይገባቸዋል። ወረዳዎችን በቪዲዮ ስብሰባ ያገናኘው ወረዳኔት ሳተላይትንም የምድር መስመርንም ተጠቅሟል።

ያነሰ የመላኩ መንገድ ዛሬ በቪዲዮ ማጫወቻዎች ውስጥ ገብቷል። ቪዲዮው በተለያየ ጥራት ተቆራርጦ ይቀመጣል፣ ስልኩም መስመሩ የሚችለውን ይመርጣል። አፕል ይህን በ2009 አስተዋወቀ፣ ዳሽ የተባለው መስፈርት በ2012 ታተመ። በመጋቢት 2020 ኔትፍሊክስ በአውሮፓ ጥራቱን ለ30 ቀን የቀነሰው በዚሁ መንገድ መስመር ለማቃለል ነው። ጥቅል ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው ሒሳቡ በቀላሉ ይታያል። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚፈስ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። በ300 ኪሎቢት ከታየ 135 ሜጋባይት ይበቃዋል።