ከጥንት ፎቶግራፍ በእጅ የሚሣሉ ቅጂዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የቅድመ አያቱን ፎቶግራፍ ይዞ ወደ ሠዓሊ የሚሄድ ሰው ትእዛዙ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «እንዳለ ገልብጥልኝ፤ ቀለም ብቻ ጨምርበት»። ትእዛዟ አጭር ናት፤ ያጨቀችው ስሕተት ግን ብዙ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባለ ቀለም ፎቶግራፍ አልነበረም»

ካሜራው ቀለም አይይዝም ነበር እንጂ ሰዉስ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ይገዛ ነበር። ምስሉን በብር በተለበጠ ሳህን ላይ የሚያሳርፈው የፈረንሳዊው ዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴ ይፋ የሆነው በ1839 ነው። በ1842 ሪቻርድ ቢርድ እንግሊዝ ውስጥ ለፎቶግራፍ ማቅለሚያ ዘዴ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ስዊዘርላንዳዊው ዮሐን ባፕቲስት ኢዘንሪንግ ደግሞ ከእርሱም ቀድሞ የቀለም ዱቄትና ሙጫ አዋሕዶ በብር የተለበጠውን ሳህን ያቀልም ነበር። ሥራው ከፍ ያለ ደረጃ ላይ የደረሰው ግን በጃፓኗ የወደብ ከተማ ዮኮሃማ ላይ ይመስለኛል። ፎቶግራፍ አንሺው ፌሊቼ ቤያቶ በ1863 ጃፓን ገብቶ ስቱዲዮ ሲያቋቁም፣ ህትመቶቹን በውሃ ቀለም የሚያስጌጡለት ጃፓናውያን የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። በቤያቶ ቤት ቀለም ቀቢ የነበረው ኩሳካቤ ኪምቤይም በኋላ የራሱን ስቱዲዮ ከፍቶ ስመ ጥር ሆኗል።

«ቡናማ የሆነው ስላረጀ ነው»

በከፊል ብቻ። ከ1850 ወዲህ የተስፋፋው ወረቀት የእንቁላል ነጭ የተቀባ ሲሆን በፀሐይ ብርሃን የሚታተምበት ምስል ገና ከመነሻው ወደ ቡናማና ወይን ጠጅ የሚያደላ ነበር። እርጅና የሚያመጣው የነጩን ቦታ መወየብና የምስሉን መደብዘዝ ነው። ስለዚህ ሸራውን ሻይ የተደፋበት አስመስሎ ማጠየም ለዘመኑ ታማኝ መሆን አይደለም።

«ጥሩ ሠዓሊ ከግራጫው ቀለሙን ያነባል»

ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። ከ1850ዎቹ እስከ 1870ዎቹ የነገሠው የእርጥብ ኮሎዲዮን ሳህን (ኮሎዲዮን በተባለ ፈሳሽ ተቀብቶ ሳይደርቅ ፎቶግራፍ የሚነሣበት መስተዋት) ለሰማያዊ ብርሃን እንጂ ለቀይና ለቢጫ ዐይን አልነበረውም። ቀይ ጠቁሮ ይወጣል፤ ቢጫም እንደዚያው። ሰማያዊ ግን ወደ ነጭ ይጠጋል። የዚያ ዘመን ሰማይ ባዶ ነጭ ወረቀት የሚመስለው ለዚህ ነው።

ይህን ወደ እኛ ልብስ እናምጣው። ሦስት ጥለቶች በዐይነ ኅሊናችሁ ሣሉ፤ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ። በኮሎዲዮን ሲነሡ ቀዩና ቢጫው ሁለቱም እንደ ጥቁር መስመር ሆነው ይቀራሉ፤ ፈዘዝ ያለው ሰማያዊ ከሸማው ንጣት ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ሠዓሊው «ጥለት የለውም» ብሎ ነጭ ቢቀባ የተሳሳተው ፎቶግራፉን በማመኑ ነው። መቅደላ ከወደቀች በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደውን የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን እንግሊዛዊቷ ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1868 በእንግሊዟ ዋይት ደሴት ላይ ያነሣችው በዚሁ ዘዴ ነው፤ በአንዳንዶቹ ላይ እኛ ባሻ ፈለቀ የምንለው የልዑሉ ሞግዚት፣ እንግሊዛዊው መኮንን ካፒቴን ስፒዲ አብሮት አለ። እነዚህን ምስሎች ቀለም ሊያለብስ የሚነሣ ሰው በሙዚየም የተቀመጠ የዘመኑን ልብስ ቢመረምር ይሻለዋል፤ ከህትመቱ ግራጫ ላይ ያን ቀለም አያገኘውም። የፊት ቀለምም ቢሆን ያው ነው፤ ኮሎዲዮን ጠይም ፊትን ከነበረው በላይ ያጠቁራል።

«ካሜራ አይዋሽም፤ ስለዚህ እንዳለ ይቀዳ»

ቢሊ ዘ ኪድ የተባለው አሜሪካዊ ሽፍታ ለብዙ ዓመታት ግራኝ ነው ተብሎ ሲታመን ኖሯል። ምክንያቱ አንድ ፎቶግራፍ ነው። የተነሣው በቀጭን የብረት ሉህ ላይ ሲሆን፣ ይህ ዘዴ እንደ መስታወት ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ ያደርጋል። ምስጢሩን ያወጣው ጠመንጃው ነው፤ በ1873ቱ ዊንቸስተር ጥይት የሚጎርሰው በቀኝ ጎን ሆኖ ሳለ ፎቶግራፉ ላይ በግራ ይታያል። (ያች ትንሽ የብረት ሉህ በ2011 በጨረታ 2.3 ሚሊዮን ዶላር አውጥታለች።) የዳጌር ሳህንም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ይገለብጣል። የመስተዋት ኔጋቲቭ ታትሞ ሲወጣ ግን አይገለብጥም።

ታዲያ ሁሉን ነገር ልመልስ ብሎ መነሣትም አደጋ አለው። ሐበሻ ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ ይታጠቅ እንደነበር የዘመኑ ተጓዦች በመገረም ጽፈዋል። የአውሮፓን ልማድ ብቻ የሚያውቅ ሠዓሊ የአንድን የኢትዮጵያ መኮንን ፎቶግራፍ ዐይቶ «ይህስ ተገልብጧል» በማለት ቢያዞረው፣ ትክክለኛውን ምስል አበላሸ ማለት ነው።

«ከፎቶግራፍ መሣል የሰነፍ ሠዓሊ ዘዴ ነው»

ከሆነ ስንፍናው ዕድሜ ጠገብ ነው። የባልቲሞሩ ሠዓሊ ዴቪድ ውድዋርድ በ1857 ባለቤትነቱን ያስመዘገበው የፀሐይ ካሜራ ኔጋቲቩን በፀሐይ ጨረር አጉልቶ ሸራ ላይ ያሳርፍ ነበር፤ ሠዓሊዎችም በዚያ ላይ ይቀቡ ነበር።

«ሸራ ላይ ከሆነና ሲዳሰስ ከሻከረ የእጅ ሥራ ነው»

በማተሚያ የወጣ ምስል ላይ ግልጽ ሙጫ በብሩሽ እየጎተቱ «በእጅ የተሣለ» ብለው የሚሸጡ አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት አጉሊ መነጽር አስጠጉበት። ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦች ከታዩ ማሽን ነው። ቀጥሎ መብራት ከጎን አብሩበት፤ የብሩሹ ፈለግ የአፍንጫውንና የጉንጩን ቅርጽ ሳይከተል ሁሉም ቦታ ላይ እኩል የሚሄድ ከሆነ ሙጫው እንጂ ሥዕሉ የእጅ አይደለም።